ላስቲኩን የሚበላው ፀሐይ ብቻ አይደለም

ግሪንሃውስ ገብቶ የማያውቅ ሰው ላስቲኩ መጀመሪያ የሚቀደደው ነፋስ በሚመታው በኩል ይመስለዋል። አይደለም። ቀድሞ የሚሄደው ከብረቱ ጋር የተነካካበት መስመር ነው። ከቅስት እስከ ቅስት ያለው ሜዳ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብረቱ ላይ ያረፈው ሦስት ጣት የማይሞላ ስፋት ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል። እኔ የምሠራው ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱ ከተማ አጠገብ ባለ የጽጌረዳ እርሻ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ብረቱ፣ ቧንቧው፣ የጠብታ መስኖው፣ ሞተሩ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ እንደዚያ መስመር ያሳሰበኝ ነገር ግን የለም። ፀሐይ የምታርፈው ጣሪያው ላይ በሙሉ እኩል ነው። ታዲያ ለምን እዚያ?

ሰው ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ «ፀሐይ በላው»። ግቢ ውስጥ የከረመ የፕላስቲክ ወንበር አንድ ቀን ከነተቀማጩ ሲወድቅ፣ ጀሪካን ከታች ሲተረተር፣ አጥር ላይ የተሰፋ ማዳበሪያ ክር ክር እየሆነ ሲረግፍ የምንለው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ፀሐይ ትጀምረዋለች እንጂ ብቻዋን አትጨርሰውም። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ፣ ከዚያም እኛው ወደ አየር የምንለቀው ጭስና ጋዝ አብረዋት ይሠራሉ። ፀሐይዋን ማንም ሊያዛት አይችልም። የቀሩት ላይ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

የግሪንሃውስ ላስቲክ ፖሊኢትሊን ነው። ፌስታሉም፣ ጀሪካኑም፣ የውሃ ታንከሩም የዚያው ዘመድ ናቸው። ካርቦን ከካርቦን ጋር በሺዎች እየተያያዘ የሚሠራ እጅግ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ጥንካሬውም ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። ጋቢ ጠንካራ የሆነው ፈትሉ ረጅም ስለሆነ ነው። ያንን ፈትል ሁሉ በጣት ርዝመት ቆራርጠው ቢደረድሩት መልኩ ጋቢ ይሆናል እንጂ ጫፉን ይዘው ሲስቡት እጅ ላይ ይቀራል። በፀሐይ የተጎዳ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ያው ነው፣ ውፍረቱ ያው ነው፣ ውስጡ ግን ተቆራርጧል።

ቆራጩ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። መሬት ላይ የሚደርሰን ከ290 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ክፍል ሲሆን ከዚያ ያጠረውን ከላይ ያለው የኦዞን ንጣፍ ያስቀርልናል። 300 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ጨረር የሚሸከመው ጉልበት በሞል 400 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ ካርቦንን ከካርቦን ጋር የያዘው ትስስር ደግሞ 350 አካባቢ። የመበጠስ አቅም አለው ማለት ነው። ነገር ግን ጨረር የሚጎዳው የዋጠውን ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ፖሊኢትሊን ደግሞ ይህን ጨረር አይውጠውም፣ ያሳልፈዋል። ችግሩ እንዲህ ያለ ንጹሕ ላስቲክ ከፋብሪካ አይወጣም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሲነፋና ሲዘረጋ ከአየሩ ትንሽ ኦክስጅን ይገባበታል፤ ከመሥሪያው ካታሊስትም ርዝራዥ ይቀራል። ጨረሩ የሚያርፈው እነዚያ ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። አንድ ትስስር ሲበጠስ ነጠላ ኤሌክትሮን የያዘ ጫፍ ይቀራል፤ የኬሚስትሪ ሰዎች ራዲካል ይሉታል። ራዲካል ዝም ብሎ አይቀመጥም። አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ይይዛል፤ ኦክስጅን ይዞም ከጎረቤት ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ጎረቤት በተራው ራዲካል ይሆናል። በዚህ መሃል የተፈጠረው ፐርኦክሳይድ ብርሃን ወይም ሙቀት ሲነካው ተሰንጥቆ ሁለት አዳዲስ ራዲካሎች ይወልዳል። እያንዳንዱ ጉዳት ጨረር የሚያርፍበት አዲስ ቦታ ይፈጥራል። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ ላይ ቀስ ያለ፣ ምልክት የማያሳይ ነው፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን ይጣደፋል። ወንበሩ ሁለት በጋ ምንም ሳይሆን ቆይቶ በሦስተኛው ድንገት የሚሰበረው ለዚህ ነው። ድንገት አልነበረም፤ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቷል።

የብረቱም መስመር ምስጢር እዚህ ጋ ይፈታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቅስቱን በእጄ ብይዘው አያስቆየኝም። ያ ሙቀት ፐርኦክሳይዱን ይሰነጥቀዋል፣ ሰንሰለቱን የመብላቱን ሥራ ያፈጥነዋል። ላስቲኩ እዚያው ላይ ተወጥሮ የተያዘ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር እዚያው ላይ ይፋተጋል። ብርሃን፣ ሙቀትና ውጥረት አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ላስቲኩ ከመዘርጋቱ በፊት ብረቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ነጭ ቀለም መቀባት፣ ሲቻልም ስፖንጅ መሰል ቴፕ መለጠፍ። ነጩ ቀለም ሙቀቱን ይመልሳል። ብዙ ቦታ ይህ ሥራ በጥድፊያ ይታለፋል፤ ሲታለፍ ማየት እስካሁን ያናድደኛል።

ከፖሊኢትሊን ይልቅ ፖሊፕሮፒሊን ለፀሐይ ይበልጥ ደካማ ነው። ማዳበሪያው፣ ሲባጎው፣ አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራው ከእሱ ነው። ሰንሰለቱ ላይ በየተራው የሚንጠለጠል ቅርንጫፍ አለ፤ ቅርንጫፉ የሚወጣበት ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃል። መከላከያ ያልተጨመረበት ማዳበሪያ በአንድ በጋ ውስጥ ሲበን የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የእኛ አገር ፀሐይም ቀላል አይደለችም። ከባሕር ወለል ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባና ሆለታ ከ2,300 ሜትር በላይ። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅት የአልትራቫዮሌት መለኪያ ከ11 ጀምሮ ያለውን እጅግ ከባድ ብሎ ይመድበዋል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ይህን ቁጥር አዘውትሮ ያልፋል። ደጋው አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ፀሐይዋን ይንቃታል፤ ቆዳም ፕላስቲክም የሚጎዳው ግን በብርዱ ቀን ጭምር ነው።

ታዲያ ላስቲካችን ሦስት ዓመት እንዴት ይቆያል? ውስጡ በተጨመረበት ነገር ነው። ቀላሉና ጥንታዊው ካርቦን ብላክ ነው፤ እጅግ የላመ ጥላሸት። ጥቁሩ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ከ2 እስከ 2.5 ከመቶ ያህሉ እሱ ነው፤ ጨረሩን ላይ ላዩን ውጦ ስለሚያስቀረው ቧንቧው ብዙ ዓመት ይኖራል። ለግሪንሃውስ ግን ጥቁር አይሆንም፤ ጽጌረዳ ብርሃን ትፈልጋለች። ለዚህ የሚጨመረው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው በአጭሩ ሃልስ የሚባል የአሚን ወገን ነው። ሃልስ ጨረሩን አይከለክልም፤ የተፈጠረውን ራዲካል እየያዘ ያስቆመዋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ አንዱን ራዲካል ይዞ እንደገና ወደ ሥራው መመለሱ ነው። አንዱ ሞለኪውል ደጋግሞ ያገለግላል። ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ መጠን ተጨምሮ ላስቲኩን ለዓመታት የሚያኖረው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰልፈር፣ ማለትም ወደ ድኝ ልምጣ፤ በእርሻችን ትልቁን ራስ ምታት የፈጠረው እሱ ነውና። ጽጌረዳ ላይ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባል፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል በሽታ አለ። መከላከያው ድኝ ነው። በየመስመሩ መሃል በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ትንንሽ ማቅለጫዎች ይንጠለጠላሉ፤ ማታ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ይበራሉ፤ ቢጫው ዱቄት ይቀልጥና እንፋሎት ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ጉሮሮ ይከረክራል። እንፋሎቱ ቅጠሉ ላይ ብቻ አያርፍም፤ ላስቲኩ ላይም ይለጠፋል። ፀሐይ ስትመታው ከኦክስጅንና ከሌሊቱ ጤዛ ጋር እየተዋሃደ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ሃልስ ደግሞ ቤዝ ነው። አሲድ ሲያገኘው ጨው ሆኖ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ራዲካል መያዝ አይችልም። ላስቲኩ መከላከያውን እንደያዘ ያለ መከላከያ ይቀራል። ክሎሪን ያለባቸው ፀረ ተባዮችም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ።

ይህን ያስተዋልነው ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ላይ ነው። ላስቲኩ ከአንድ ጭነት የመጣ፣ የተዘረጋውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። አንደኛው ቤት በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ነበረበት፤ ሰልፈሩ የሚበራው አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ዝርያ በቀላሉ ስለሚታመም በየሌሊቱ ይበራል። ሁለተኛው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ተቀደደ። መጀመሪያ ሁሉም ያሰበው ነፋስ ነው። አንዲት ወጣት አግሮኖሚስት ግን ከእኔ ጋር መሰላሉን ወጥታ ላስቲኩን ገልብጣ አየችው። በውስጥ በኩል ቢጫ ቅርፊት ይዟል፤ ስታሸተው ድኝ ድኝ ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ የተበላው ከውጭ ነው ከውስጥ?» አለችኝ።

«ከሁለቱም ነው ልጄ፤ ፀሐይዋ ከላይ፣ ጭሳችን ከታች» አልኳት።

ቁራጩ ለላስቲኩ አምራች ተላከ፤ አምራቾቹ የተጠራቀመውን ሰልፈር በላቦራቶሪ ይለካሉ። የዋስትና ወረቀታቸው ላይ የሰልፈርና የክሎሪን ልክ ይጻፋል፤ ልኩ ካለፈ ዋስትናው ይፈርሳል። ያንን ወረቀት ከዚያ በፊት በጥሞና ያነበበው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማቅለጫዎቹ ቁጥርና የሚበሩበት ሰዓት ተቀነሰ፤ በር ከመዘጋቱ በፊት አየር ማናፈስም ደንብ ሆነ። አሲድ የሚቋቋም ሃልስ ያለበት ላስቲክም በገበያ አለ፤ ዋጋው ይወደዳል። ለግዢ ክፍሉ ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው፦ «ስንት ማይክሮን ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሁለት ጥቅል ላስቲክ ሁለቱም 200 ማይክሮን ሆነው፣ በዓይንም በእጅም ሳይለዩ፣ አንደኛው ሦስት ዓመት ሊቆይ ሌላው ከአንድ በጋ ላያልፍ ይችላል። ልዩነቱ የማይታየው ጥቂት ዱቄት ላይ ነው። መርካቶ ሸራ ወይም ማዳበሪያ የሚገዛ ሰውም «ዩቪ (የአልትራቫዮሌት መከላከያ) አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አሳየኝም ይበል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ከተማ ውስጥ ያለው ታሪክ ሌላ ነው፤ እዚያ ጎማው ይመሰክራል። አዲስ አበባ ስሄድ የምደርስበት አንድ ጎሚስታ አለ። ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጎማዎች ስናይ ብዙዎቹ ጥርሳቸው ገና ነው፤ ጎናቸው ግን ተሰነጣጥቋል። እሱ «ፀሐይ ነው» ይላል። እኔ አንዱን አንሥቼ ቀርቤ አየሁት። ፀሐይ የሠራው ስንጥቅ ብርሃን የሚያገኘው ፊት ላይ ብቻ ያለ፣ ላይ ላዩን በየአቅጣጫው የተረጨ ነው። ይሄኛው ግን በጥላ በኩልም አለ፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ ጎማው ከሚወጠርበት አቅጣጫ ጋር የተሻገሩ ናቸው። እንዲህ የሚሠራው ኦዞን ነው።

ላይ ሰማይ ላይ ሆኖ የሚጠብቀን ያው ኦዞን መሬት ላይ ሲሆን ጉዳት ነው። ከመኪና ጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ይሰነጠቅና አንድ የኦክስጅን አተም ይለቃል፤ አተሙ ከተራው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኦዞን ይሆናል። ያልተቃጠለ የነዳጅ እንፋሎት ሲጨመርበት ምርቱ ይበዛል። ስለዚህ ኦዞን ከጭስ ቱቦ አይወጣም፤ አየር ላይ የሚሠራ ነው፤ የሚያይለውም ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ወደ ከሰዓት በኋላ ነው። የጎማ ሰንሰለት ድርብ ትስስሮች አሉት፤ ኦዞን የሚበጥሰው እነሱን ነው። ጎማው ካልተወጠረ ጉዳቱ ላይ ላዩን ሆኖ ይቀራል። ከተወጠረ ግን የተበጠሰው ቦታ ይከፈታል፣ ከሥሩ አዲስ ገጽ ይወጣል፣ ኦዞኑ ያንንም ይቀጥላል። ለዚህ ከመቶ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ጥቂት ክፍል ኦዞን ይበቃል።

ዓለም ይህን በደንብ የተረዳው በሎስ አንጀለስ ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1943 በጋ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት፤ ምንጩ ምን እንደሆነ ለዓመታት አከራከረ። እዚያ የጎማ ዕቃ ከሌላ ቦታ ፈጥኖ እንደሚሰነጠቅም ይታወቅ ነበር። ትውልዱ ሆላንዳዊ የሆነው የካልቴክ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ከዚያ በፊት የአናናስን መዓዛ ሲያጠና የነበረ ሰው ነው። የመኪናና የነዳጅ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው ኦዞን እንደሚሠሩ አሳየ፤ ዋናውን ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የኦዞኑን መጠን ለመለካት ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የታጠፈ የጎማ ቁራጭ ነበር። እስኪሰነጠቅ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ከሆነ ኦዞኑ ብዙ ነው ማለት ነው። የነዳጅ ኩባንያዎች ሲከራከሩት እሱ ምርምሩን ገፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ፤ ማንም የሚጥለውን የጎማ ቁራጭ ምስክር አድርጎ አቀረበው።

የጎማ ፋብሪካዎች ሰምና ፀረ ኦዞን ኬሚካል ይጨምራሉ። ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን ይሸፍናል፤ ጎማው ሲነዳና ሲተጣጠፍ ደግሞ መከላከያው እየታደሰ ይወጣል። ለወራት የቆመ መኪና ጎማ ከሚነዳው ቀድሞ ሲሰነጠቅ የሚታየው በዚህ ነው። ለጎሚስታው የነገርኩት ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ጎማዎቹን የደረደረው ከብየዳ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ሥር፣ ከኮምፕረሰሩ ሞተር አጠገብ ነበር። የብየዳ ብልጭታም የኤሌክትሪክ ሞተር ፍንጣሪም ኦዞን ይሠራሉ። አሁን ወደ ውስጥኛው ክፍል አዛውሯቸዋል።

መከላከያው ራሱ ግን ነጻ አይደለም። ሲክስ ፒፒዲ የሚባለው በጣም የታወቀው ፀረ ኦዞን ጎማውን ለማዳን ኦዞኑን በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ሲቀበል ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ በሲያትል አካባቢ ኮሆ ሳልሞን የሚባሉት ዓሦች ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቁላል ሳይጥሉ በየወንዙ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመሩት ቡድን ገዳዩ ከመንገድ ላይ የጎማ ብናኝ ታጥቦ የሚወርደው ያ ውህድ መሆኑን አረጋገጠ።

ስለ ዓሣ ካነሣሁ አይቀር የእኛም ሐይቅ አለ። ግሪንሃውስ ላስቲክ ሲለወጥ አሮጌው አይጣልም፤ ይፈለጋል። ሰዉ ጣራ ያለብስበታል፣ አጥር ያጥርበታል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸፍንበታል። ቁጠባ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን መከላከያው ያለቀ ላስቲክ ሁለተኛው በጋ ላይ ይፈረካከሳል፤ ቅጠል ያህል፣ ጥፍር ያህል፣ በመጨረሻ አሸዋ ያህል ይሆናል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ አራት የዓሣ ዝርያዎች ሆድ ዕቃ ውስጥና በሐይቁ ደለል ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል። የምንጭ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የከተማው ፌስታልና የዓሣ አጥማጁ መረብም አለበት። ቢሆንም ሐይቁ ዳር ላስቲክ የሚዘረጋና የሚያነሣ ሰው ሆኜ ይህንን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ አሁን ላስቲኩ እስኪቀደድ አንጠብቅም። በየስድስት ወሩ ከብረቱ ዳርና ከሜዳው ላይ ጣት የሚያህል ቁራጭ እንቆርጣለን፤ ሁለት ምልክት አድርገን እንስበዋለን። አዲስ ላስቲክ ሳይበጠስ ከራሱ ርዝመት አራት አምስት እጥፍ ይለጠጣል። የመለጠጥ አቅሙ መጀመሪያ ከነበረው ወደ ግማሽ ከወረደ ዕድሜው አልቋል ተብሎ ይቆጠራል፤ በዓለም ላይ የአምራቾቹም መለኪያ ይኸው ነው። በዚያ ጊዜ ሲነሣ ላስቲኩ ገና ሙሉ ነው፤ ሳይበጣጠስ ይጠቀለላል፣ ታጥቦም ቀልጦ ጥቁር ቧንቧ ወይም ጥቁር ከረጢት ሊሆን ይችላል። አንድ በጋ ዘግይተን ካነሣነው ግን እጃችን ላይ ይፈረፈራል፤ ከመሬት የምንለቅመውም አቧራና ድኝ የተጣበቀበት ብጥስጣሽ ስለሚሆን የሚያቀልጠው አይቀበለውም። ከዋጋው አንጻር አስተዳደሩ ያንን አንድ በጋ መተው ይከብደዋል። በየዓመቱ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ፊቱ እየሳብኩ አሳየዋለሁ።